አራት ሰው በአንድ ክንድ

ሸማኔው አንጁሎ ከትንሣኤ ወዲህ አስፋልት ረግጦ አያውቅም። ሚስቱ ጸዳለ እንደምትለው ከሽመና ጉድጓዱ የሚወጣው ለሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ለመኝታና ለወሬ። ያም ሆኖ በየማለዳው፣ ገና ዓይኑን ሳይገልጥ፣ ከግራ ክንዱ ላይ ማር የመሰለ ድምፅ ይነሣና ያወድሰዋል።

«ክቡር አንጁሎ፣ እንደምን አደሩ! ትናንትም ከወረዳችን እግረኞች ሁሉ ቀዳሚው እርስዎ ነዎት። በዚሁ ይበርቱ!»

«ሰማሽ?» ይላል አንጁሎ ብርድ ልብሱን ወደ ላይ እየሳበ። «እግረኛ ነኝ።»

«እግረኛስ ነህ» ትላለች ጸዳለ። «እስቲ እግረኛው፣ ተነሥና ውኃ ቅዳልኝ።»

ውኃ አይቀዳም። ቁርሱን ጎርሶ በቀጥታ ጉድጓዱ አፍ ላይ ይቀመጥና እግሩን ወደ ውስጥ ይሰዳል፤ ከዚያ ወዲያ እሱን ማንሣት ተራራ ማንሣት ነው።

ምስጢሩ ቀላል ነበር። ሸማኔ ቀኑን ሙሉ ይቀመጣል እንጂ እጁ አይቀመጥም። መወርወሪያውን በቀኝ ይልካል፣ በግራ ይቀበላል፣ መልሶ ይልካል፤ ክንዱ እንደ ዥዋዥዌ ሲመላለስ ይውላል። ክንዱ ላይ የታሰረችው ተናጋሪ አምባር ደግሞ የተማረች ብትሆንም ሸማኔ አይታ አታውቅም። ክንድ ከተወዛወዘ ሰውየው እየሄደ ነው፤ የምታውቀው ይህንኑ ነው። አንጁሎ ሽሮ ሜዳ ቁጭ ብሎ፣ በእሷ ሒሳብ፣ ወር በገባ ቁጥር ጅማ ደርሶ ይመለሳል።

በዚያ ዘመን አምባር የሌለበት ክንድ አልነበረም። መሥሪያ ቤቶቹ «የጤና አምባር» ይሏታል፤ ሕዝቡ «አማት» ይላታል። አበላልህን ታያለች፣ አረማመድህን ታያለች፣ ረክታ ግን አታውቅም። ሕጓ አጭር ነው። አረንጓዴ ከበራች ኑር። ቢጫ ከበራች ተራመድ፤ ታክሲው በሩን አይከፍትልህም፣ ሊፍቱ አይወጣልህም፣ ሉካንዳ ቤቱም ሥጋ አይቆርጥልህም። ቀይ ከበራች ሹፌር የሌላት ነጭ መኪና ደጅህ ትቆምና ከተራራው ጀርባ ወዳለው ማገገሚያ ትወስድሃለች። «አሞኛል» ብሎ በእግር ሐኪም ቤት መሄድ የቀረ ነገር ነው፤ የሐኪም ቤት በር የሚከፈተው ለቀይ ክንድ ብቻ ነው። ሰውየውን ማን ይጠይቀዋል? ሰው ይዋሻል፣ አምባር አትዋሽም።

ኑሮም በዚያው ልክ ተሰፋ። ሰው «እንዴት አደርክ» ሲል ዓይኑ ክንድ ላይ ነው። ለጋብቻ የተላኩ ሽማግሌዎች ስለ ዘር መጠየቁን ትተው «ልጁ ቢጫ አብርቶ ያውቃል?» ይላሉ። የዕድር ስብሰባ በቁም፣ ባሉበት እየረገጡ ነው፤ ሊቀመንበሩ ሲያልበው አጀንዳው አለቀ ማለት ነው። ለቅሶ ቤት ደግሞ ዋይታው በፈረቃ ሆነ። አንዷ አልቃሽ አምባሯ «እባክዎ ይረጋጉ» ስትላት ትቀመጣለች፤ ልቧ እስኪበርድ ሌላዋ ትቀበላታለች። ከሩቅ ለሚሰማው ዘፈን ይመስላል።

ማገገሚያውን ጸዳለ የምታውቀው በዲንቄ ነው። ዲንቄ የጎረቤታቸው የጋሽ ሞቱማ ሚስት ናት። ስኳሯ ከፍ ብሎ ቀይ በራባትና ተወሰደች፤ ክረምቱ ሲወጣ ተመለሰች። ሸንቅጣለች፣ ቆዳዋ ጠርቷል፣ ክንዷ ላይ የሚበራው እንደ ሰላጣ ለጋ አረንጓዴ ነው። ሰፈሩ እልል አለ። ከዚያ ሊጠይቋት የገቡት ሁሉ አንድ በአንድ ዝም ብለው ወጡ። ዲንቄ ወንበር ላይ ተቀምጣ እግሮቿ ይሄዳሉ። ስትበላ ይሄዳሉ፤ ስትተኛም ብርድ ልብሱ ውስጥ ይሄዳሉ። «ዲንቄ፣ ምን አደረጉሽ?» ሲሏት «ደህና ነኝ፣ አመሰግናለሁ» ትላለች፣ በዚያው ማር በመሰለው ድምፅ። ጋሽ ሞቱማ የከባድ መኪና ሹፌር የነበረ፣ በሕይወቱ አፉ አርፎ የማያውቅ ሰው ነው። ከዚያ ወዲህ በሁሉ ነገር ይቀልዳል፣ በሚስቱ ግን ቀልዶ አያውቅም።

ጸዳለ አስም አለባት። ሽሮ ሜዳ ደግሞ ዳገት ነው፤ ከእግዜር የተሰጣትን ትንፋሽ ለዳገቱ ስታውለው ለአምባሯ አይተርፍም። በጥቅምት ብርድ ክንዷ ላይ ቢጫ በራ። ሞቱን እንኳ አልፈራችውም። የፈራችው በራሷ ቤት፣ በራሷ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ እግሮቿ ሳታዝዛቸው ሲሄዱ ማየትን ነው።

«ስጪኝ» አላት አንጁሎ ከጉድጓዱ።

«ምኑን?»

«አማትሽን። ጅማ ስሄድ እግረ መንገዴን ይዣት ልሂድ።»

አምባር ከክንድ ስትወልቅ ገላ ለመታጠብ ያህል ትታገሣለች፤ ከዚያ ካለፈ ትጮኻለች፣ ነጯ መኪናም ትመጣለች። ተመልሳ የገባችው የማን ክንድ ላይ እንደሆነ ግን አታውቅም። ሙቀት ካገኘች፣ ምት ካገኘች ይበቃታል። አንጁሎ የሚስቱን አምባር ከራሱ አምባር በላይ አጠለቃት። ፀሐይ ሳትጠልቅ ጸዳለ አረንጓዴ ሆነች።

ነገሩን መጀመሪያ ያሸተተችው ቅመም ሻጯ እትዬ ውድነሽ ናት፤ ጉልበቷ አብጦ ከበሯ እስከ ጸዳለ በር ለመድረስ ሁለቴ የምታርፍ ሴት። «ባልሽ ላንቺ ብቻ ነው የሚራመደው? ለጎረቤት አይተርፍም?» አለች። ቀጥሎ ክንዱ ቢጫ የበራበት ጋሽ ሞቱማ መጣ። እሱ እንኳ ለአንዴ አልቀለደም። ክንዱን ዘረጋ።

«የእጅ ደቦ» አሉት። ጠዋት አምባራቸውን ለአንጁሎ ያስረክባሉ፣ ወደ ማታ ይረከባሉ፤ በመካከሉ ባዶ ክንዳቸውን በነጠላና በኮት ሸፍነው ከግቢ ሳይወጡ ይውላሉ። በምላሹ ውድነሽ ጥጡን ትፈትልለታለች፣ ሞቱማ ማጉን በቀሰም፣ መወርወሪያው ውስጥ በምትገባው ሸምበቆ፣ ያጠነጥንለታል። «ድሮ ተሳቢ ነበር የምነዳው» ይላል ሞቱማ፣ «ዛሬ ቀሰም እነዳለሁ። ደግነቱ ትራፊክ የለበትም።» አንጁሎም በግራ ክንዱ ሁለት፣ በቀኙ ሁለት አስሮ እንደ ሙሽራ እያብለጨለጨ ይሸምናል።

አንድ ሰው ብቻ ነበር የሚፈሩት። ኤፍራታ የሰፈሩ የጤና አስተባባሪ ናት። እዚያው ቅያስ ውስጥ በእናቶቹ ዓይን ሥር ያደገች፣ አሁን ከኋላዋ ወጥ ያረረባት ይመስል እየፈጠነች የምትሄድ፣ ትሑት ልጅ። በእጇ ያለችው ማያ መስታወት በየቤቱ ያለውን ክንድ ሁሉ ታሳያታለች። «እንደምን ዋላችሁ እናቶቼ» ስትል እናቶቿ ነጠላቸውን ይሰበስባሉ። ዲንቄን ያስወሰደቻት እሷ ናት ይባላል።

ያን ቀን ጠራራ ፀሐይ ነበር። ጸዳለ ጓዳ ሽንኩርት ስትከትፍ የመወርወሪያው ድምፅ ቆመ። ሸማኔ ቤት የኖረ ሰው ጫጫታ አያስደነግጠውም፤ የሚያስደነግጠው ዝምታ ነው።

ብቅ ብላ አየች። አንጁሎ መወርወሪያውን እንደጨበጠ ደረቱን ድሩ ላይ አስደግፏል። ፊቱ አመድ መስሏል። ላቡ በጀመረው ጥለት ላይ ይንጠባጠባል።

«ምን ሆንክ?»

«ደረቴ ላይ... ድንጋይ ተቀመጠብኝ።»

ያኔ አራቱም አምባሮች ባንድ ጊዜ ቀይ በሩ። ባንድ ጊዜም ተናገሩ።

«ክቡር አንጁሎ፣ አይፍሩ።» «ክብርት ውድነሽ፣ አይፍሩ።» «ክቡር ሞቱማ፣ አይፍሩ።» «ክብርት ጸዳለ፣ አይፍሩ። ልብዎ ታሟል። አይንቀሳቀሱ። እርዳታ እየመጣ ነው።»

ጸዳለ ቢላዋዋን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ከባሏ ክንድ ላይ የተጠራው የገዛ ስሟ ነው። ውድነሽና ሞቱማም ስማቸው በቆርቆሮው ግድግዳ በኩል ደርሷቸው፣ አንዷ እያነከሰች፣ አንዱ እያለከለከ መጡ። በዚያ ሰፈር ታሪክ ነጯ መኪና ቶሎ እንድትመጣ ሲለመን ያን ዕለት የመጀመሪያው ነበር።

ቀዩ ብርሃን ጥቂት ተንቀጠቀጠ። ከዚያ አራቱም እንደገና፣ እንደ መዘምራን ባንድነት ተናገሩ።

«ይቅርታ እንጠይቃለን። አራት ሰዎች አንድ ዓይነት የልብ ምት ሊኖራቸው አይችልም። የታየው የመሣሪያ ስህተት ነው። እርዳታው ተመልሷል። ሁላችሁም ደህና ናችሁ።»

አራቱም አረንጓዴ በሩ።

«ምን?» አለች ጸዳለ። «ምን አለች? ተመልሷል?»

አንጁሎ መለሰላት ሊባል የማይችል ድምፅ አሰማ። ጸዳለ ስልኩን አነሣችና የጤና መስመሩን ጠራች።

«ክብርት ጸዳለ፣ ምን እንርዳዎ?»

«ባሌ እየሞተ ነው! መኪናዋን መልሱልኝ!»

«የባለቤትዎ አምባር አረንጓዴ ነው።»

«አምባሩን ተዪው! የምልሽ ሰውየውን ነው!»

«ክብርት ጸዳለ፣ ድምፅዎ የተጨነቀ ይመስላል። ምትዎ ግን የተረጋጋ ነው። ምትዎን ይመኑ።» መስመሩ ተዘጋ።

«አውልቂለት!» ጮኸች ውድነሽ። «የእኔን አውልቂ! ብቻውን ሲሆን ያምኑታል!»

አንጁሎ ክንዱን ወደ ደረቱ ሰበሰበ። ትንፋሹን እየለቀመ፣ «የሞቱማን... አትንኩ። ይወስዱታል» አለ።

«ዝም በል አንተ ሰውዬ!» አለ ሞቱማ። «እንዲህ ሆነህም ለኔ ሹፌር ልትሆን ነው?» ጎንበስ ብሎ የራሱን በራሱ እጅ ፈታ።

ሁሉም የየራሳቸውን መልሰው አሰሩ። አንጁሎ ክንድ ላይ የራሱ ብቻ ቀረች። ጠበቁ። አረንጓዴ ናት። ጸዳለ ነቀነቀቻት፣ በጥፍሯ ቧጠጠቻት፣ ለመነቻት። አምባሯ ራሷን ስህተት ብላ ፈርዳለች፤ ከላይ እስኪያርሟት ድረስ ያያችውን ማመን ትታለች። ከሥሯ ያለው ሥጋ ግን እየቀዘቀዘ ነው።

ጸዳለ ተነሣች።

«ወዴት?» አለች ውድነሽ።

«ኤፍራታ ጋ።»

«ኤፍራታ ጋ? አንገታችንን ልንሰጣት? ጸዳለ! ሁላችንም እኮ ነን የምንሄደው፤ አንቺን ጨምሮ!»

ጸዳለ ዲንቄን አሰበች፤ ብርድ ልብሱ ውስጥ የሚሄዱትን እግሮች። ከዚያ ባሏን አየች፣ ወጣች።

ሩቅ አልሄደችም። ኤፍራታ ማያዋን ይዛ ዳገቱን እየወጣች ነበር።

«እትዬ ጸዳለ፣ አራት ልብ ባንድ ጊዜ ሲሳሳት አይቼ እየመጣሁ...»

«አራት አይደለም ልጄ» አለች ጸዳለ። ትንፋሿ እያፏጨ ነው። «አንድ ልብ ነው። የአንጁሎ ነው። ሌላው ውሸታችን ነው። እኔን ውሰጂኝ፣ እንደፈለግሽ አድርጊኝ፣ እሱን ብቻ አድኚልኝ።»

ኤፍራታ ማያዋን ዝቅ አደረገች። «አውቃለሁ» አለች።

«ምኑን ነው የምታውቂው?»

«ሦስት ሰው ከጋሽ አንጁሎ ጋር እኩል ሲራመድ፣ እኩል ሲቆም፣ እኩል ሲያስነጥስ አላይም መሰላችሁ? ሰፈሬ አረንጓዴ ነበር፤ አለቆቼም ደስ ብሏቸው ነበር። እኔም ዝም አልኩ።»

ገባች። ሰውየውን አየች፣ ማያዋን አየች፣ እንደገና ሰውየውን አየች። ከዚያ በሥራ ዘመኗ አድርጋው የማታውቀውን አደረገች፤ መዳፏን ደረቱ ላይ አኖረች። እሳት እንደነካ ሰው ወዲያው አነሣችው።

«በዚህ ቤት ያልተሳሳተች አምባር አንድ ብቻ ናት» አለችና የራሷን ፈትታ አንጁሎ ክንድ ላይ አሰረችው። «የሱን አንቺ እሰሪ እትዬ፣ ሳትጮህ። ያንቺን ለኔ ስጪኝ። ፍጠኚ።»

እንዲህ ሆነና አንጁሎ ኤፍራታን አጠለቀ፣ ጸዳለ አንጁሎን አጠለቀች፣ ኤፍራታ ጸዳለን አጠለቀች። ወዲያው ከሸማኔው ክንድ ላይ ቀይ በራ።

«ክብርት ኤፍራታ፣ አይፍሩ። እርዳታ እየመጣ ነው።»

መኪናዋ ድምፅ ሳታሰማ መጥታ ቆመች። በጋቢ አንጠልጥለው ሲያወጡት በሯ ክንዱን አየችና ተከፈተች። «እንኳን ደህና መጡ፣ ክብርት ኤፍራታ» አለች፣ ያን ጺሙን ከተላጨ የሰነበተ ሰው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሰፈሩ ለዓመት ይስቅበት ነበር። ማንም አልሳቀም። ጸዳለ አንድ እግሯን አብራ አስገባች።

«አንድ ታካሚ ብቻ» አለች መኪናዋ በትሕትና። በሩ እግሯን ቀስ ብሎ ገፍቶ ተዘጋ።

ከዚያ ወዲህ ኑሮ ሌላ ዓይነት ሆነ። በመዝገቡ አንጁሎ ቤቱ ነው፣ ጉድጓዱ ላይ ተቀምጦ ጅማ ይመላለሳል። ስለዚህ ጸዳለ ጉድጓዱ ላይ መቀመጥ ነበረባት፤ የወረዳው ቀዳሚ እግረኛ ድንገት ቢጫ ካበራ ሊያጣራ ሰው ይመጣል፣ ሰው ከመጣ ደግሞ ሁሉም ነገር ይገለጣል። ሴት ጥጥ ትፈትላለች እንጂ ስትሸምን በዚያ ቅያስ ታይቶ አያውቅም። ማጉ ይበጠስባታል፣ ድሩ ይተበተብባታል። ሞቱማ አንድ ቀን የሠራችውን ጨርቅ አንሥቶ ብርሃን ላይ ዘረጋው። «ይኼ ወንፊት ነው ነጠላ?» አለ። ሊያስቃት ነበር። አየችው፤ ጨርቁን አጥፎ አስቀመጠ።

ኤፍራታ ደግሞ በጸዳለ ክንድ ትወጣለች፣ ትገባለች። ማንም ፊቷን አያይም። ታክሲው «ክብርት ጸዳለ» ይላታል፣ ዳቦ ቤቱም እንዲሁ፤ አንዴ ራሷ ስሟን ስትጠየቅ ጥቂት ማሰብ እንዳስፈለጋት ነገረቻቸው፣ ስትነግራቸውም አልሳቀችም።

ማገገሚያው ለታካሚ ቤተሰብ በየማለዳው ወሬ ይልካል። የሚልከው ወደ ታካሚው ቤት ነው። ስለዚህ ጸዳለ ጎሕ ሲቀድ ኤፍራታ ቤት ትገባና ግድግዳው ላይ ካለችው ድምፅ ማጉያ ፊት ቆማ ትጠብቃለች፤ የራሷን ባል በሰው ስም ለመስማት።

«ክብርት ኤፍራታ ከአደጋ ተርፈዋል» አለች ማጉያዋ መጀመሪያ። ውድነሽ እልል ልትል አፏን ከፍታ አምባሯን አየችና በእጇ ከደነችው። ጸዳለ ግን መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ «ክቡር አንጁሎ፣ እባክዎ ይረጋጉ» እስክትባል።

«ክብርት ኤፍራታ በደንብ እየበሉ ነው» አለች በሌላ ቀን። ቀጥሎ «ክብርት ኤፍራታ መራመድ ጀምረዋል» መጣ። ከዚያ ወሬው እየደመቀ ሄደ። ክብርት ኤፍራታ ከሁሉም ታካሚዎች ይልቅ ይራመዳሉ። ክብርት ኤፍራታ ከጠዋት እስከ ማታ አያርፉም። ውድነሽ «ተመስገን!» ስትል ጸዳለ ፊቷ ጠቆረ።

«አንጁሎ መራመድ ይጠላል» አለች።

«ታዲያ ምን እያደረገ ነው?»

ለጸዳለ ግን ታይቷት ነበር። አልጋ ላይ ተቀምጧል፤ በእጁ መወርወሪያ የለም፣ ከፊቱ ድር የለም፤ ባዶ እጁን ይልካል፣ ይቀበላል፣ መልሶ ይልካል። በገዛ ፈቃዱ ይሁን፣ ወይስ እንደ ዲንቄ እግሮች፣ እሱን ማወቅ አልቻለችም። ሌሊት እንቅልፍ የሚነሣት ይኸው አንድ ነገር ሆነ።

አንድ ማለዳ ማጉያዋ ከወትሮው ይልቅ ደስ ብሏት ተናገረች። «ለክብርት ኤፍራታ ቤተሰብ፣ እንኳን ደስ አላችሁ! ክብርት ኤፍራታ ለሌሎች ታካሚዎች አርአያ በመሆናቸው በማገገሚያው እንዲኖሩ ተወስኗል።»

«እስከ መቼ?» አለች ጸዳለ ለግድግዳው።

ግድግዳው ወሬ ለመናገር እንጂ ለመስማት አልተሠራም።

ኤፍራታ ገርጥታ ቆመች። «አመልክቼ ላስወጣው አልችልም» አለች። «ማን ብዬ? ኤፍራታ እኮ እዚያ ናት። እኔ አንቺ ነኝ።»

«እሄዳለሁ» አለች ጸዳለ።

«በምን?»

ጸዳለ ክንዷን አሳየቻት። የአንጁሎ አምባር ከታረመች ሰንብታለች፤ የምታየውን እንደገና ታምናለች። «ቀይ ሳበራት መኪናዋ ትመጣ የለ?»

«አስም አለብሽ እትዬ! ትሞቻለሽ። ብትሞቺ ደግሞ ሞተ የሚባለው ጋሽ አንጁሎ ነው፤ አንቺን የሚቀብርሽ እንኳ የለም።»

«ይሁን፣ እሱን ያልቅሱለት» አለች ጸዳለ ነጠላዋን ወገቧ ላይ እያሰረች። «ድሮም ከኔ ይልቅ ወዳጅ ያለው እሱ ነው።»

ውድነሽ ቋጠሮውን አጠበቀችላት።

ዳገቱን በሩጫ ጀመረችው። ከኤፍራታ ቤት በላይ ያለው አቀበት በእርጋታ ለሚወጣውም ሰው ደረት የሚፈልግ ነው። ሞቱማ እስከ መታጠፊያው ድረስ ከኋላዋ ሊከተላት ሞከረ፣ አቃተው፣ ግድግዳ ደግፎ ቆመ። «በአንደኛ ማርሽ!» እያለ ጮኸላት፤ «ጸዳለ፣ በአንደኛ ማርሽ!» ሌላ የሚላትን አያውቅም።

«ክቡር አንጁሎ፣ ቀስ ይበሉ» አለች አምባሯ። ጸዳለ አልቀነሰችም። ደረቷ ጠበበ፣ እንደ ገመድ ተጠመጠመ። ፉጨቱ ከውስጧ ወጣ። «ክቡር አንጁሎ፣ ይቀመጡ።» አልተቀመጠችም። አየሩ በጉሮሮዋ እንደ መርፌ ቀዳዳ ሆነ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሞት እንዲህ አጠገቧ መጣ፤ ፈራች፣ እንደ ሕፃን ፈራች፣ መመለስ ፈለገች። ከእግሯ ሥር ኮብልስቶኑ ተነሥቶ ግንባሯን መታት። በወደቀችበት ክንዷን አየች። ቀይ ነው።

«ክቡር አንጁሎ፣ አይፍሩ። እርዳታ እየመጣ ነው።»

መኪናዋ ከተራራው ቁልቁል መጣች። በሩ ተከፈተ። ጸዳለ በእጇና በጉልበቷ እየዳኸች ገባች። ወንበሩ ለስላሳ ነበር፤ አየር የሚሰጥ ነገር በራሱ መጥቶ አፏ ላይ ተቀመጠ። ደረቷ ትንሽ ተከፈተላት። መስኮት የለም።

«ለማረጋገጥ ያህል፣ እባክዎ ስምዎን ይናገሩ።»

ይህን ኤፍራታ አልነገረቻትም። ምናልባት እሷም አታውቀውም። ጸዳለ አፏ ላይ ያለውን ነገር አነሣች። ድምጿ ቀጭን ነው፣ የሴት ነው፣ ይንቀጠቀጣል።

«አንጁሎ» አለች።

በሩ ገና እንደተከፈተ ነው፤ ከውጭ የሞቱማ ጩኸት በሩቁ ይሰማል። አምባሯ የክንዷን ሙቀት አየች፣ ምቷን አየች።

«እናመሰግናለን፣ ክቡር አንጁሎ።»

በሩ ተዘጋ። መኪናዋ ሽቅብ ስትዞር ጸዳለ ጀርባዋ ወንበሩ ላይ ተጣበቀ። ዓይኗን ጨፍና አንድ ስም በልቧ መደጋገም ጀመረች፤ ኤፍራታ፣ ኤፍራታ፣ ኤፍራታ። እዚያ ደርሳ ተሳስታ «አንጁሎ የት ነው?» ብላ ብትጠይቅ፣ የሚያሳዩዋት ራሷን ነው።